ጭንቅላቱ ወልቂጤ፣ አካሉ ቡታጅራ

ሳህሌ እባላለሁ፤ ቤቴ ቡታጅራ ነው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፣ እሱንም አልጨረስኩትም። ስለዚህ አጻጻፌ ቢንጋደድ ታገሡኝ። ጎረቤቴ መምህሩ ፊደሉን አስተካክላለሁ ብሎኛል፤ ነገሩን ግን እንዳይነካብኝ ቃል አስገብቼዋለሁ። የማወራችሁ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ስለደረሰብኝ ነገር ነው። አትሳቀቁ፣ ምንም የሚያስጠይፍ የለበትም።

ወጣት ሳለሁ አዲስ አበባ ሄጄ መጀመሪያ ግንበኛ፣ ኋላ ሴራሚክ ለጣፊ ሆንኩ። አዲስ ቤት ሊሠራ ሲል አሮጌው ይፈርሳል። ከሚፈርሰው ውስጥ ደግሞ ለመጣል የሚያሳሳ ነገር ይወጣል። አበባ የተሳለበት ሰሃን፣ እጀታው የተሰበረ ማንቆርቆሪያ፣ ሰማያዊ ድልድይና ዛፍ ያለበት ስኒ። ጓደኞቼ ወደ ገልባጭ መኪናው ሲወረውሩ እኔ ከሥር እለቅማለሁ። ኋላ ኋላማ ከቆራሌዎች ጋር ወዳጅ ሆኜ፣ "የድሮ ሸክላ ነገር ካገኛችሁ ለኔ አስቀምጡ" እላቸው ጀመር።

የለቀምኩት ሰሃን ጀርባው ላይ የፈረንጅ ጽሑፍ አለው። አንድ ቀን ለመምህሩ አሳየሁት። መነጽሩን ከፍ ዝቅ አድርጎ፣ "ጋሽ ሳህሌ፣ ይሄ እንግሊዝ አገር የተሠራ ነው። ዕድሜው ከእርስዎም ከእኔም አባት ይበልጣል" አለኝ። እንግሊዝን አላውቃትም። የሠራተኞቿን እጅ ግን አውቃለሁ። መስታወት የመሰለውን ልባስ በጣት ስትዳስሱት፣ ሠሪው ቸኩሎ ይሁን ተረጋግቶ ይነግራችኋል። እነዚያ ሰዎች አልቸኮሉም።

ባለቤቴ ብርነሽ ግን፣ "ሰው ባል ያገባል፤ እኔ ስባሪ ሰብሳቢ አገባሁ" ትላለች። ጡረታ ብዬ ቡታጅራ ስገባም ዕቃዬን በሣጥን ሞልቼ ይዤ መጣሁና አልጋ ሥር ከተትኩት።

ከሁሉ የምሳሳላቸው አሥራ አንድ ሴራሚኮች ነበሩ። አንድ ትልቅ አሮጌ ቤት ስናፈርስ፣ ከሳሎኑ ግድግዳ ጋር የተያያዘ ምድጃ ነበር። ዙሪያው ሴራሚክ ነው፤ ግን ጥቀርሻ ውጦት ጥቁር ብቻ ይታያል። ባለቤቱ፣ "ቆሻሻውን ውሰዱልኝ" አለን። እኔና ወልዴ የሚባል የወልቂጤ ልጅ ቀስ አድርገን አነሣናቸው። አሥራ ሁለት ወጡ። አሥራ አንዱን እኔ ያዝኩ። ወልዴ ሙሽራ ነበርና፣ "አንዷን ለሚስቴ" ብሎ ሳያይ አንሥቶ ቦርሳው ውስጥ ከተታት።

ማታ ቤቴ ወስጄ በሳሙና አጠብኳቸው። መሬት ላይ ስደረድራቸው አንድ ሥዕል ሆኑ። ወፍ ነው። ጭራው ላይ አረንጓዴና ሰማያዊ ዓይኖች፣ ከታች ሁለት ቀጭን እግሮች፣ ከላይ ደግሞ ባዶ ቦታ። ጭንቅላት የለውም! ጭንቅላቱ ወልቂጤ ሄዷል።

መምህሩ ጭራውን አይቶ፣ "ጣዎስ ነው" አለ። ብርነሽ አይታ፣ "ዶሮ ነው። ያውም የታረደ" አለች።

ወልዴን በየዓመቱ እለምነዋለሁ። በየዓመቱ፣ "ለመስቀል ስገባ አመጣልሃለሁ" ይለኛል፤ በየዓመቱ ይረሳል። ሠላሳ ዓመት አለፈ። ከዚያ ወልዴ ሞተ። ለቀብሩ ሄጃለሁ፤ ግን ለቅሶ ላይ ስለ ሴራሚክ አይጠየቅም።

እንግዲህ ታሪኩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዘንድሮ መስቀል ሳምንት ሲቀረው፣ ዓይኔ እየደከመ መሆኑን አሰብኩና፣ "ሳላየው ልቀር ነው እንዴ?" አልኩ። ለብርነሽ፣ "የወልዴን ሚስት ጠይቄ ልምጣ" ብዬ ወልቂጤ ወረድኩ። ብርነሽ እንዲህ በቀላሉ እሺ ስትለኝ መጠርጠር ነበረብኝ። ልጆቼም ከአዲስ አበባ እየደወሉ፣ "አባባ፣ ሁለት ሦስት ቀን ይቆዩ፣ አይቸኩሉ" ይሉኛል። እኔ ደግሞ፣ "እንዴት ያሉ አሳቢ ልጆች ናቸው!" እላለሁ።

የወልዴ ሚስት ወይዘሮ ፈለቀች ወልቂጤ ገበያ ዳር ክትፎ ቤት አላት። ስታየኝ ዘልላ ተነሣች። እሷ በሰባት ቤት ጉራጊኛ፣ እኔ በመስቃን እየተነጋገርን ሰላምታውን ጨረስን። ጠንከር ያለ ጉዳይ ሲመጣ ሁለታችንም ወደ አማርኛ እንገባለን።

ክትፎው በጣባ መጣ። ቅቤ ልትጨምርልኝ ማሰሮውን ወደ እኔ ሳብ ስታደርግ ዓይኔ ክዳኑ ላይ ተተከለ። የማሰሮው ክዳን ሴራሚክ ነው። ሴራሚኩ ላይ ደግሞ አንድ ክብ ዓይን ያፈጥብኛል፤ ከላዩ አክሊል የመሰለ ላባ።

የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ ጣባው ላይ አስቀመጥኩ።

"ምነው ጋሽ ሳህሌ፣ ሚጥሚጣው በዛ?"

"ፈለቀች እህቴ፣ ይሄ ክዳን..."

"አዎ፣ ወልዴ ያመጣልኝ ነው። መጀመሪያ ከከተማ ያመጣልኝ ስጦታ። ሌላው ሰው ለሚስቱ ሻሽ ይዞ ሲገባ የኔው የወፍ ጭንቅላት ይዞ መጣ።"

ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ከዚያ፣ "የፈለግሽውን ክዳን ላምጣልሽ፤ ከእንጨትም ከብረትም" አልኳት።

"ክዳን አይደለም ችግሬ" አለች። "ሠላሳ ዓመት ይህ ዓይን ሲያየኝ ኖረ። ወልዴን፣ 'ቀሪው ምን ይመስላል?' ስለው፣ 'ሳህሌ ጋ ነው፣ በሬ ያክላል' ይለኛል። ሌላ ቀን፣ 'ጭራው ብቻ አልጋ ያለብሳል' ይለኛል። ሳያሳየኝ ሞተ። ጭንቅላቱን እሰጥዎታለሁ፤ ግን ሙሉውን ሳላየው አልቀርም። በመስቀል ማግስት ቡታጅራ እመጣለሁ። ሙሉውን ያሳዩኛል?"

"በወልዴ ስም!" ብዬ ማልኩ።

እዚያው ሁለት ቀን አሳደረችኝ። በሦስተኛው ቀን ጭንቅላቱን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ብብቴ ሥር ሸጉጬ፣ በላዩ ጋቢዬን ደርቤ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ በክርኔ እየነካሁ አለመውጣቱን አረጋግጣለሁ።

ቤቴ ስደርስ ዘመድ ጎረቤት ግቢውን ሞልቶታል። ልጄ ደሳለኝና ልጄ ጽጌ ሮጠው መጡ።

"አባባ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ!"

ጨፈንኩ። በግራና በቀኝ ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። "ይግለጡ!" ሲሉኝ ገለጥኩ። በሄድኩባቸው ቀናት ሌት ተቀን ተሠርቶ፣ አዲስ ቤት ቆሟል። በሩ ላይ ቀይ ሪባን ተወጥሯል። መቀስ ሰጡኝ፤ እንደ ባለሥልጣን ቆረጥኩ፤ እልል ተባለ። በሩ ተከፈተ። የፈረንጅ መቀመጫ ያለው፣ ውኃው ከላይ የሚወርድ፣ የሚያብረቀርቅ ነጭ መጸዳጃ ቤት!

"ጉልበትዎ እየደከመ ጉድጓድ ላይ መቀመጥ እንደሚያስቸግርዎ እማማ ነገረችን" አለ ደሳለኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ። እውነት ነው፣ ጉልበቴ አስቸግሮኛል። ለማንም ግን አልተናገርኩም ነበር።

እንባዬን ጠርጌ ቀና ስል፣ ከመቀመጫው ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ላይ ብዙ ዓይኖች አዩኝ። አረንጓዴና ሰማያዊ ዓይኖች።

"ነጩ ሴራሚክ ጎደለ" አለች ብርነሽ ደስ ብሏት። "ሠራተኛው በመቀመጫው ፊት ለፊት ልክ አሥራ አንድ አነስ አነስ ያለ ቢገኝ አለ። እኔም፣ 'የሽማግሌው አልጋ ሥር አሥራ አንድ አለ!' አልኩ። እግዜር ሲያዘጋጅ እንዲህ ነው። ሠላሳ ዓመት አቧራ ሲበላ የኖረው ቁም ነገር ላይ ዋለ!"

"ሠራተኛውም፣ 'እንደዚህ በተን በተን ሲል ነው ዲኮር የሚሆነው' አለ" አለች ጽጌ።

በተን አድርጎታል። ጭራው ከላይ፣ ሆዱ ጥግ ላይ፣ አንዱ ክንፍ ተገልብጦ፣ እግሮቹ ከሥር። እኔ ጭንቅላቱን ብብቴ ሥር ይዤ ቆሜያለሁ።

"አባባ፣ ይመርቁን" አለ ደሳለኝ። ሁሉም እጁን ዘረጋ። እኛ ዘንድ ለመስቀል የገባ ልጅ ለወላጁ የሠራው ነገር በአባት ምርቃት ይታሰራል፤ ከተመረቀ በኋላ ማንም አይነካውም። ምርቃቱ ደግሞ አፌ የለመደው ነው፣ አላስበውም።

"የሠራችሁት ይጽና!"

"አሜን!"

"የለጠፋችሁት አይነቀል! የገነባችሁት አይፍረስ!"

"አሜን!"

ምን እንዳልኩ የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ሴራሚክ ለጣፊ ነኝና የማውቀው ነገር አለ። ሲሚንቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ሳይጠና፣ በጥንቃቄ ሊለቅ ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን ሴራሚኩ ከነሕይወቱ አይወጣም። የተለጠፈው ትናንት ነው። ፈለቀች የምትመጣው በመስቀል ማግስት ነው። ልጆቼን ደግሞ በበዓል፣ ያውም መርቄያቸው፣ "ያበላሻችሁት ነገር አለ" ማለት አልቻልኩም። ሌሊት አልጋዬ ላይ ተኝቼ ያሰብኩት፣ አሥራ አንዱንም በሰላም አንሥቼ፣ በቦታቸው ሌላ ሴራሚክ ልለጥፍ፣ ከዚያ ሣቅ ብዬ፣ "ዲኮሩን ቀየርኩት" ልል ነው።

በማግስቱ ጠዋት መሮዬን ጋቢዬ ውስጥ ደብቄ ገባሁና በሩን ቆለፍኩ። መጀመሪያ ማጋጠሚያውን መፋቅ ጀመርኩ። ፍቅፍቅፍቅ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተንኳኳ።

"አንተ ሰውዬ፣ ደህና ነህ?"

"ደህና ነኝ ብርነሽ።"

"ምን ይሆን የሚፋቀው?"

"እ... እግሬን እያከክሁ ነው።"

ከሰዓት በኋላ እንደገና ገባሁ። አሁን ማንኳኳት ያስፈልጋል። አንዴ ቋ ሳደርግ አንዴ እስላለሁ። ቋ፣ እህህ፣ ቋ፣ እህህ። ውጭ ያሉት ግን የሚሰሙት ሳሉን ነው፤ እሱም ማቃሰት ይመስላቸዋል። በዚያ ላይ አዲሱን የፈረንጅ መቀመጫ ሊሞክር የመጣ የሰፈር ሰው ሁሉ በር ላይ ተሰልፏል።

"ጋሽ ሳህሌ ገና አልወጡም?"

"አልሆነላቸውም መሰለኝ።"

"ምስኪን!"

ስወጣ ብርነሽ ተልባ በጥብጣ ትጠብቀኛለች። እምቢ ብል ምሥጢሬ ሊወጣ ነው፤ ጠጣሁት። ተልባው ደግሞ ሥራውን ሠራ፤ ስለዚህ እንደገና ገባሁ፣ ይህን ጊዜ በእውነት። እነሱም፣ "ያው እንደገና ገቡ! ብሶባቸዋል!" አሉና ሌላ ተልባ በጠበጡ። የዳመራው ዕለት አራት ብርጭቆ ጠጥቻለሁ። ዳመራው ዙሪያ ሰው ሲዞር እኔ ወደ ጓሮ እየሮጥኩ ነበር።

በመስቀል በሬ ታርዶ፣ ክትፎው ቀርቦ፣ ለእኔ አጥሚት ቀረበልኝ። ፊት ለፊቴ ደሳለኝ ክትፎ በቆጮ ይጎርሳል። "እርስዎ ሆድዎ እስኪሻል ይታገሡ አባባ።" እግዜር ያሳያችሁ፣ ጉራጌ ሆኖ በመስቀል አጥሚት!

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ገባሁ። የቀረኝ ይህች ጠዋት ብቻ ናት። ከታች ካለችው፣ እግሮቹ ካሉባት ጀመርኩ። ማጋጠሚያዋ ጠርቷል። መሮውን ከሥር አስገባሁ፣ ቀስ ብዬ ጫን አልኩ። ቀስ። እንደ ሕፃን ልጅ ጥርስ ተነቃነቀች። እሰይ ስል፣ ጠቅ አለች። ለሁለት። አንዱ እግር በግራ እጄ፣ አንዱ እግር በቀኝ እጄ። ሁለቱን ይዤ መቀመጫው ላይ ዝፍ አልኩ። የቀሩት አሥሩ እንደ አለት ጠንክረዋል። ለካ ምርቃቴ ይሠራል!

እዚያው ቁጭ ብዬ ሳለ ከግቢው የፈለቀችን ድምፅ ሰማሁ።

"ቤቶች! ጋሽ ሳህሌ አሉ?"

"አሉ" አለች ብርነሽ። ድምፅዋ ቀዝቃዛ ነው። "ከአንቺ ቤት ከተመለሰ ጀምሮ ሆዱን ታሞ እዚያ ውስጥ ነው የሚውል።"

"ከእኔ ቤት? ምን ማለትሽ ነው?"

"ምንም። ክትፎሽ ቅቤው ስንት ወር የቆየ ነበር ብዬ ነው።"

"የእኔ ቅቤ! ወልቂጤ ሙሉ የሚበላው ቅቤ!"

"ክዳን የለው ይሆናል፣ ምን ይታወቃል።"

"ክዳን ከየት ይኑረው? ባልሽ ወስዶት!"

ከዚያ ብርነሽ ረጋ ብላ፣ "ባሌ... ካንቺ... ክዳን... ወሰደ?" አለች። ደሳለኝ ደግሞ በመካከል፣ "እማማ ተዪ፣ መኪና ጠርቻለሁ፣ አታት ሆስፒታል ወስደን እናሳያቸው። እርስዎም እናቴ፣ ቅቤውን እዚያ ቢናገሩ ጥሩ ነው" ይላል። ፈለቀች የወልዴን ስም እየጠራች ማልቀስ ጀመረች። እንግዳን በእጇ ክትፎ የምታበላ ሴት፣ ሠላሳ ዓመት በቅቤዋ የኖረች፣ በሰው ግቢ ውስጥ መራዥ ተባለች። እኔ ደግሞ በሩን ቆልፌ ተቀምጫለሁ።

ልጆቼን ላለማስከፋት ብዬ የዘጋሁት አፌ የሌላ ሰው ስም እያጠፋ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ተነሥቼ በሩን ከፈትኩ። በአንድ እጄ መሮ፣ በሌላው የተሰበረው እግር፣ ጢሜ ላይ የሲሚንቶ ዱቄት።

"ሆዴን አላመመኝም" አልኩ። "ቅቤው ጤነኛ ነው። የታመምኩት ጣዎሴን ነው።"

ብብቴ ውስጥ ካለው ጨርቅ ጭንቅላቱን አውጥቼ አሳየኋቸው፤ ከሥር ከመሠረቱም ነገርኳቸው። ፈለቀች እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ እኔን ገፋ አድርጋ ገባች። ግድግዳውን አየች። ጭራውን ከላይ፣ ሆዱን ጥግ ላይ፣ የተገለበጠውን ክንፍ። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎኝ ልይዛት ስል፣ ሣቋ ፈነዳ።

"ወልዴ በሬ ያክላል ሲለኝ ልክ ነበር! ይሄው ለቅርጫ ከፋፍላችሁታል!"

ብርነሽ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፣ እሷም ሣቀች። ሁለቱ ተደጋግፈው የፈረንጅ መቀመጫው ላይ ሊወድቁ ነበር። "ቅቤሽን ይቅር በይኝ" ትላለች አንዷ፤ "የክዳኑን ነገር ይቅር በይኝ" ትላለች አንዷ።

ደሳለኝ ግን አልሣቀም። የተሰበረውን እግር ከእጄ ተቀብሎ ገጠመው፣ ለያየው፣ ገጠመው።

"አባባ፣ ለምን አልነገሩንም?"

"በዓላችሁን ላላበላሽ ብዬ..."

"አሁን አይደለም። በፊት። ይሄ ሁሉ ዓመት። አንድ ቤት ውስጥ አድገን፣ እርስዎ ይህን እንደሚወዱ አናውቅም።"

ሠራተኛውን በልቤ ስረግመው ነበር፤ ብርነሽን ስወቅሳት ነበር። እነሱ ምን አጠፉ? ጉልበቴ እንደሚያመኝ እንኳ ሳልነግራቸው ያወቁ ልጆች፣ ብነግራቸው ይህን አይጠብቁልኝም ነበር? እኔ ነኝ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ሣጥን ውስጥ ቆልፌ፣ አልጋ ሥር የሰወርኩት።

ደሳለኝ፣ "ሁሉንም አፈርሰዋለሁ" አለ።

"አይፈርስም። መርቄዋለሁ" አልኩ። "ይልቅ ሲሚንቶ አምጣ።"

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። እግሮቹ በወጡበት ባዶ ቦታ አሸዋና ሲሚንቶ አቡክቼ ቀባሁ። ደሳለኝ ውኃ ያቀብለኛል፣ ጽጌ በስልኳ ታበራልኛለች። ጭንቅላቱን አስገባሁ፣ በመዶሻው እጀታ ደቅ ደቅ አደረግኩ፣ በአውራ ጣቴ ማጋጠሚያውን ጠረግኩ። ዞር ስል ልጆቼ የሚያዩት ጣዎሱን ሳይሆን እጄን ነው። ለካ ስሠራ አይተውኝ አያውቁም።

እንግዲህ ጣዎሴ ጭንቅላት አገኘ፤ ተበታትኖም፣ እግር አጥቶም ቢሆን። ጭንቅላቱ ከሥር፣ እግር ሊሆን በሚገባው ቦታ ላይ ነው ያለው። መቀመጫው ላይ የተቀመጠ ሰው ልክ ዓይን ለዓይን ይገጣጠማል። መጀመሪያ የገቡት የሰፈር ሽማግሌ፣ "እንዲህ እያፈጠጠብኝ አልችልም" ብለው ተመልሰው ወጥተዋል። አሁን ለምደውታል። ቤቴን የማያውቅ ሰው እንኳ "ወፉን ልይ" እያለ ይመጣል። አይቶ ሲወጣ ሻይ ይጠጣል፤ እኔም ስለ አሮጌው ምድጃና ስለ ወልዴ አወራለታለሁ። ሣጥኑ ባዶ ሆኗል። ሰሃኖቹ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፤ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ልጄ ጽጌ አበባ ተክላበታለች። አንዱ ስኒ ተሰብሯል። ይሰበር፤ ሰው ጠጥቶበት ነው የተሰበረው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምን እንደምትወዱ ቤተሰባችሁ ያውቃል ወይ? እኔ ዝምታዬን ጨዋነት አድርጌው ኖሬያለሁ። ዝም ያለ ሰው የሚወደው ነገር ሌላው ዘንድ ሲደርስ ትርፍ ዕቃ ነው፤ የጎደለ ቦታ መሙያ ይሆናል። አልጋችሁ ሥር ያለውን አውጡና አሳዩአቸው። ተልባ ሳያጠጧችሁ።

ፈለቀች ያን ዕለት ማታ ስትሰናበተኝ፣ "እንግዲህ የቅቤዬ ማሰሮ ክዳን አጣ" አለችኝ። የተሰበሩትን ሁለት እግሮች በማጣበቂያ ገጥሜ፣ ጠርዙን አስተካክዬ በጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ጭንቅላቱን ሰጥታ እግሩን ይዛ ተሳፈረች። ባለፈው ደውላልኝ ነበር።

"ቅቤውስ?" አልኳት።

"ሁለቱ እግሮች ቆመውበታል" አለችኝ።